ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን አሳየኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት የምሰጠው የሚጥል በሽታ ላለባችሁና አጠገባቸው ሆናችሁ ለምትጨነቁ ሁሉ ነው። ጌታ ጸሎቴን ሰምቶኛል። መልሱንም በምርመራ ክፍል ውስጥ ሰጠኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ ወድቄ አላውቅም። መጀመሪያ ቀኝ እጄን ይነዝረኛል። ጣቶቼ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ስነቃ ምላሴ ተነክሷል፣ ልብሴ ረጥቧል፣ ሰው ከቦኛል። የሆንኩትን የምሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ይህ በጣም ያማል። በገዛ አካሌ የደረሰውን ሁሉም ሲያየው እኔ ብቻ አላየሁትም።

የሰው ነገር ደግሞ ሌላ ሕመም ነበር። አረፋው ከነካን ይጋባብናል ብለው የሚሸሹ ነበሩ። አይጋባም። በአረፋም በትንፋሽም በመነካካትም አይተላለፍም። አፌ ውስጥ ማንኪያ ለመክተት የሚታገሉም ነበሩ። ለመርዳት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ይቅር። የወደቀ ሰው ስታዩ ወደ ጎን አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ በጉልበት አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «መንፈስ ነው፣ ኪኒኑን ተዪው፣ ካመንሽ ኪኒን ምን ያደርግልሻል?» የሚለው ነበር። ይህን የሚሉኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን አልተውኩም። ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቡት። አልቅሶ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም እፈውስሃለሁ አለው። ከዚያ በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ፈውሱም ጥፍጥፉም ከአንድ አምላክ ነው የመጡት። ኪኒኑን መዋጥ ለእኔ ከጸሎቴ ጋር የሚጣላ ነገር አልነበረም።

ኪኒኑ መውደቁን ቀነሰልኝ እንጂ አላስቆመውም። ሌሊት ሌሊት ከእናቴ ጋር እንጸልይ ነበር። እሷ «ልጄን ማርልኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን አሳየኝ» እል ነበር። የማላውቀውን ነገር መፍራት ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ አዲስ ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። ብዙ ጠየቁኝ፣ ታግሰውም ሰሙኝ። ካደግሽ በኋላ ነው የጀመረሽ? ሁልጊዜ ከአንድ እጅ ነው የሚነሳው? እንግዲያው ጭንቅላትሽ የውስጡን ምስል በሚያነሳ፣ ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ መታየት አለበት አሉኝ። ውጤቱ ሲመጣ ምስሉን አዙረው አሳዩኝ። በግራ በኩል የአተር ፍሬ የምታክል፣ ውኃ የቋጠረች ከረጢት ነበረች። ሌሎችም አሉ። ከረጢቷ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች። የትሉ ራስ ናት። የአሳማ ኮሶ ትል እጭ ነው አሉኝ። የግራው አንጎል ቀኝ እጅን ስለሚያዝ ነው ንዝረቱ ከዚያ የሚጀምረው።

እዚያው አለቀስኩ። ደስታም ድንጋጤም ነበር። «ዶክተር፣ የአሳማ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም» አልኳቸው። ቁጭ ብለው አስረዱኝ። በደንብ ያልበሰለ፣ እጭ ያለበት የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው አንጀቱ ውስጥ ረጅም ትል ያድግበታል። ያ ሰው ከሰገራው ጋር የትሉን እንቁላል ያወጣል። እንቁላሉ ባልታጠበ እጅ፣ በውኃ ወይም በአትክልት ወደ ሌላ ሰው አፍ ከገባ አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ በደም ተጉዞ ጡንቻ፣ ዓይን ወይም አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ውስጥ የገባው እንቁላሉ ነው። በዚህ ለመያዝ ሥጋውን መብላትም አያስፈልግም። በ1992 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣ ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ አሳማ ፈጽሞ የማይበሉ አጥባቂ አይሁዶች በዚህ በሽታ ተይዘው እንደተገኙ ነገሩኝ።

ከረጢቷ ለዓመታት ዝም ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ትሉ መሞት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ሰውነት ይዋጋዋል፣ ዙሪያው ያብጣል፣ አንጎልም ይቆጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ትል በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች 30 በመቶ ያህሉ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። እርግማን ነው ተብሎ ከሰው ዓይን የተደበቀው ስንቱ ነው?

ሕክምናውን ተኝቼ ተከታተልኩ። መጀመሪያ ዓይኔ ታየ፤ እጩ እዚያ ካለ መድኃኒቱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና። ከዚያ አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ከስቴሮይድ ጋር ተሰጠኝ። ስቴሮይዱ ትሎቹ ሲሞቱ የሚመጣውን እብጠት ለማርገብ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በራሱ ፈቃድ የትል መድኃኒት ገዝቶ እንዲውጥ አልመክርም። ራስ ምታቱ ከባድ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ ስትጸልይ ማደሯን አልረሳም።

የቤተሰቡም ሰገራ ተመረመረ። ከመካከላችን በአንዱ ትሉ ተገኘ። ምንም አይሰማውም ነበር። መድኃኒት ወስዶ ዳነ። ማንም አልወቀሰውም፤ አብረን አመሰገንን።

ጭንቅላቴ በድጋሚ በኤም አር አይ ሲታይ ከረጢቶቹ ጠፍተዋል። አንዲት የደረቀች ጠባሳ ብቻ ቀርታለች። መውደቅ ከቆመልኝ ቆየ፤ ክብሩን እሱ ይውሰድ! ጠባሳዋ ልትቀሰቅሰው ስለምትችል የሚጥል በሽታ ኪኒኔን አሁንም እወስዳለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀስ በቀስ ስለመቀነስ እንነጋገራለን ብለውኛል። ለዚያ ቀጠሮ በጸሎት አስቡኝ።