ሁለት መስመር ስለ ሎጁ

የአክስቴ ባል በጣና ዳር አነስተኛ ሎጅ ከከፈቱ ወዲህ፣ በተገናኘን ቁጥር «ውክፔዲያ ላይ ትጽፊ የለ፤ ስለ ባሕር ዳር ከጻፍሽው ሥር ሁለት መስመር ስለ እኛ ብትጨምሪ ምን ይጎድልብሻል?» ይሉኛል። እኚያ ሁለት መስመሮች በልባቸው ምን እንደሚመስሉ አውቃለሁ፤ «ጸጥታ የሰፈነበትና ተወዳዳሪ የሌለው» ብለው ጀምረው በስልክ ቁጥር የሚያበቁ ናቸው።

ዛሬ ከቡና በኋላ በዝርዝር አስረዳኋቸው። አንድ ድርጅት በመዝገበ ዕውቀት ገጽ የሚኖረው መልካም አገልግሎት ስለሰጠ ሳይሆን፣ ከባለቤቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ በስፋት ስለጻፉበት ነው፤ ስለ ሎጁ ግን እስካሁን እንዲህ የጻፈ የለም። እኔ ደግሞ ዘመድ ነኝ፣ ዓሣቸውንም ሳልከፍል እበላለሁ፤ ስለዚህ ማስረጃ ቢገኝ እንኳ ዝምድናዬን በውይይት ገጹ ላይ ገልጬ ሌላ አርታዒ እንዲያየው ከመጠየቅ ያለፈ ማድረግ አይገባኝም። «እንግዲያው ከፍዬ ላጽፍ?» አሉኝ። የሚከፈለው ጸሐፊ ከፋዩን በግልጽ እንዲያሳውቅ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የአጠቃቀም ደንብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚያስገድድ ነገርኳቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ 381 የተጠቃሚ መለያዎች አንድ ላይ የታገዱበትንም ታሪክ ጨመርኩላቸው፤ የመለያዎቹ ባለቤቶች፣ ያቀረቡት ጽሑፍ ውድቅ የተደረገባቸውን ትንንሽ ነጋዴዎች እየፈለጉ ገጹን በገንዘብ ያወጡላቸው፣ ከወጣም በኋላ እንዳይሰረዝ እንጠብቅላችኋለን እያሉ ክፍያ ይጠይቋቸው ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «ይኼማ ደላላ ነው» አሉ። ለእርሳቸው የሚስማማው ዊኪቮያጅ የተባለው የጉዞ መመሪያ ነው፤ በእርሱ ላይ የማረፊያ ቦታ አድራሻና ዋጋ ያለ ማሞካሻ ቃል መመዝገብ ይፈቀዳል።

የሎጁ ነገር በዚህ አለቀ። እኔን የሚያስቸግረኝ ማንም ሳይከፍለኝ የማደርገው ማስታወቂያ ነው፤ ያደግሁበትን አገር ሳነሣ ብዕሬ ወደ ሙገሳ ያዘነብላል። ስለ ጢስ ዓባይ የሚታተሙ ብሮሸሮች ፏፏቴውን ዓመቱን ሙሉ እንደ ነሐሴ የሚያስገመግም አስመስለው ያቀርቡታል፤ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ውሃው ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ስለሚሄድ፣ ከክረምት ውጭ በገደሉ ላይ የሚወርደው በእጅጉ ቀንሷል። ጣናም እንዲሁ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡን በደስታ የሚጽፍ ሰው፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየውን እምቦጭ ቢያልፈው፣ አንድም ሐሰት ሳይናገር አስተዋዋቂ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ አርታዒው ጥቂት ስለሆነ የተጋነነ ዓረፍተ ነገር ሳይነካ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ ተማሪውም ለቤት ሥራው እንዳለ ይገለብጠዋል።

ማታ ስለ ፏፏቴው በተጻፈው ላይ የውሃው መጠን እንደየወቅቱ እንደሚለያይና ምክንያቱም ምን እንደሆነ ምንጭ ጠቅሼ አስገባሁ፤ «እጅግ ማራኪ» የሚለውንም አነሣሁ። ቱሪስት ታባርሪያለሽ የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ምንጩን ይዞ በውይይት ገጹ ላይ ቢመጣ ግን ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።