የባሮሜትር ማስታወሻዬ፣ ሦስተኛ ወር፦ ከደብረ ብርሃን

በጥቅምት የጀመርኩት የአየር ግፊት ምዝገባ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። መሣሪያዬ ስልኬ ውስጥ ያለው ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኬ ተበላሸ እያልኩ ስጨነቅ አሳለፍኩት። በባሕር ወለል አማካዩ ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲባል የእኔ ከ750 በታች ያሳያል። ለካ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ ከአናታችን በላይ የቀረው አየር ያነሰ ነው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት በኅዳር ነው። አክስቴ ገብሷን አጭዳ ከምራለች። ጠዋት 4 ሰዓት ያነበብኩትን ከቀኑ 10 ሰዓት ካነበብኩት ጋር ሳስተያየው ወደ 3 ሄክቶፓስካል ወርዷል። ግፊት ሲወርድ ዝናብ ይመጣል ተብሎ አንብቤያለሁና ደወልኩ፦ «እትዬ፣ ክምሩን ቶሎ ሸራ ያልብሱት!» ልጆቿን አስቸግራ አለበሰችው። ሌሊቱ ጠብታ አልጣለም። ሲነጋ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላ ቁጥር «ዝናብህ የት ደረሰ?» ትለኛለች።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቅኩ። እንደኛ ባለ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ግፊቱ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ቀንና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያደርገው ፀሐይ ከባቢ አየሩን ማሞቋ እንጂ ዝናብ አይደለም። በቀዝቃዛዎቹ አገሮች ማዕበል ሲመጣ ግፊቱ በብዙ ስለሚዋዥቅ ይህ ትንሽ ምት ይዋጣል፤ እኛ ጋ ግን እሱ ራሱ ዋናው ነው። አሁን የማስተያየው የዛሬን 4 ሰዓት ከትናንት 4 ሰዓት ጋር ብቻ ነው።

ከፍተኛ ግፊትን በዓይን ማየት ግን ይቻላል። በበጋ በእስያና በዓረብ ምድር ላይ ከሚከማቸው ከባድ አየር ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣብናል። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ከላይ ወደ ታች የሚወርደው አየር ይታመቃል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ይሞቃል፤ ደመናውም ይተናል። ሰማዩ ገላጣ ሲሆን መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል፤ ብርዱም ወደ በሬሳ ወንዝ ዳር ይንሸራተታል። ከሁሉ የምወደው ምልክት ጭሱ ነው። ማለዳ የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ከጣሪያ ትንሽ ከፍ ይልና እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከላዩ ያለው አየር ከታችኛው ይልቅ ሞቃት ነውና አያሳልፈውም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ይበተናል።

ቀጥሎ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ወንዙ ዳር አኖራለሁ። ከመንዝ ወይም ከጣርማ በር ጠዋት 4 ሰዓት የሚያነብልኝ ካለ ቁጥሩን ይላክልኝ። አክስቴ እስክትወቃ ድረስ እኔ አልደውልም።