ከውኃው በፊት ብሩሹ

በየማለዳው የምሮጥበት የሠፈራችን መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ አፈር ስለሆነ ነጩ የስፖርት ጫማዬ ሳምንት ሳይሞላው ዳማ ይሆናል። የአዳማ ነፋስ የዋዛ አይደለም፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ይኸው ነፋስ በበጋ ወራት ደቃቁን አቧራ እያነሣ በጫማው ወንፊት መሳይ ጨርቅ ውስጥ ይሰገስገዋል።

ቀደም ሲል ጫማዬን እንደ ቆሸሸ በቀጥታ ሳፋ ውስጥ እነክረው ነበር። ስህተቴን ያሳየኝ አንድ የሠፈራችን ሊስትሮ ሲሆን፣ እርሱ የማንንም ጫማ ውኃ ከማስነካቱ በፊት በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያራግፋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደረቅ አቧራ ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃውም በጨርቁ ክሮች መካከል ዘልቆ ይቀራል። ስለዚህ አሁን ማሰሪያውንና የውስጥ ሶሉን አወጣለሁ፣ ሁለቱን ጫማዎች ደጅ ላይ ሶል ለሶል አጋጫለሁ፣ ከዚያም በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ። በክረምት ጭቃ ከሆነ ደግሞ እስኪደርቅ አሳድረዋለሁ፤ እርጥብ ጭቃ ሲፈትጉት ይሰራጫል እንጂ አይለቅም።

ለማጠቡ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ጨርቁን የሚያጸዳው አረፋው ስለሆነ ጫማውን በውኃ ማራስ አያስፈልግም። የሶሉን ነጭ ጠርዝ በጥቂት ውኃ በተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ እፈትገዋለሁ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደጋግሜ የምጠርገው ሳሙናው ጨርሶ እንዲወጣ ነው። ሻካራ ቆዳ ያለበት ጫማ ግን ውኃ አይወድም፤ ለእርሱ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል።

በረኪናን በተመለከተ ዋጋ ከፍዬ ተምሬአለሁ። አንድ ጊዜ ለጉዞ ስዘጋጅ ጫማዬን ይበልጥ ላነጣው ብዬ በበረኪና ባሸው፣ በማግሥቱ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። በረኪና ለነጭ ጥጥ ቢስማማም በርካታ ሰው ሠራሽ ክሮችን ያወይባል። ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል።

ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የምናደርሰው ግን በማድረቁ ላይ ይመስለኛል። የአዳማ ፀሐይ ስለምታጓጓ ጫማን ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ ሶሉን የያዘውን ማስቲሽ ያላላዋል፣ ፀሐዩም ነጩን ጎማ ያወይባል። እኔ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አስቀምጬ ሆዱን በሶፍት እሞላዋለሁ፣ ሶፍቱም ሲርስ እቀይረዋለሁ። ነጭ ጫማ ከሆነ ከውጭም በነጭ ሶፍት እጠቀልለዋለሁ፤ ውኃው ሲተን ይዞት የሚወጣው የሳሙናና የእድፍ ቅሪት ከጨርቁ ይልቅ በወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጋዜጣ ለዚህ አይሆንም፣ ቀለሙ ይለቃል። የውስጥ ሶሉ ዘግይቶ የሚደርቅ ከመሆኑም በላይ እርጥቡን ከመለሱት ሽታውም አብሮ ስለሚመለስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያጠብሁትን ጫማ ሰኞ ማለዳ እስክሮጥ ድረስ አልነካውም።