«ደህና መሆኑን ማን አየ?»

ሶኬቱ ከግድግዳው ሲፈታ የፕላስቲኩ ጀርባ ከሰል መስሏል። የሽቦው ልባስ አራት ጣት ያህል ደርቆ ስለነበር ገና ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተፈረፈረ።

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። አከራይዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን አውጥተው የገዙት የመጀመሪያ የኪራይ ቤታቸው ሲሆን የሚያስተዳድሩትም ራሳቸው ናቸው። ተከራይዋ ሥራዋ ወደ ሐዋሳ ስለተዛወረ በስምምነት ልትለቅ ዕቃዋን በካርቶን አስራ ጨርሳለች። የሚከራከሩት በአንድ ወር ኪራይ ነው፤ ስትገባ ከከፈለችው የሁለት ወር ገንዘብ አንዱ ማስያዣ ሆኖ ተቀምጧል። እኔ የተጠራሁት ሶኬት ለመቀየር ነበር፤ እነሱ ግን ሽማግሌ አደረጉኝ።

«ወጥ ቤቴን አቃጥለሽ ገንዘቤን መልሱ ትይኛለሽ?» አሉ መምህርቷ።

«እትዬ፣ ምጣዱን ታዲያ የት ልሰካው ነበር? ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ሶኬት ይኸው አንዱ ነው።»

«ስትገቢ ደህና ነበር።»

«ደህና መሆኑን ማን አየ? እርስዎ ቁልፍ ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። አብረን የሞከርነው ነገር አለ?»

መምህርቷ ወደ እኔ ዞሩ። መልሱን ከእኔ ፈልገው ነበር፤ እኔም ያለኝ የተቃጠለ ሶኬት ብቻ ነበር። ስለዚህ የብሬከር ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ነገሩ እዚያ ተቀምጧል። የወጥ ቤቱ ሶኬት ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ የተገጠመለት ብሬከር ግን 32 አምፔር። አጠገቡ ያሉት ሁሉ 16 ናቸው፤ ያንዱ ብቻ መልኩም ሥሪቱም ይለያል። አቧራው እንደሚናገረው የተቀየረው ልጅቷ ከመግባቷ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ምጣድ ብቻውን ሲሆን 16ቱ ብሬከር እንደምንም ይሸከመዋል። በዚያው መስመር ላይ 2,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ ሲጨመር ግን ጭነቱ ወደ 27 አምፔር ይወጣል፣ ብሬከሩም በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። መውረዱ ሥራው ነው፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይግል ኃይሉን ይቆርጣል። ሰው ግን እንጀራው ሊጥ ሆኖ ሲቀርበት ይናደዳል፤ አንድ ሠራተኛ ጠርቶ «የማይወርድ አድርግልኝ» ይላል፣ ሠራተኛውም 32 ይገጥምለታል። ከዚያ በኋላ የሚወርድ ነገር የለም፤ በቱቦ ውስጥ የተቀበረው ባለ 2.5 ሽቦ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ በየጋገራው ይግላል። መጀመሪያ የሚጎዳው ሽቦው በቡሎን የሚታሰርበት የሶኬቱ ጀርባ ነው። ቡሎኑ ትንሽ ከላላ ደግሞ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል። ልጅቷ ያደረገችው ሌላው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ምጣዷን ሰክታ እንጀራ ጋገረች።

መምህርቷ ከቦርሳቸው ውሉን አወጡ። በሥራዬ ብዙ ውል አይቻለሁ፤ የእሳቸው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት ተብሎ፣ በ30 ቀን ውስጥ ተመዝግቧል። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ነው፣ ቅድሚያውም ከሁለት ወር አላለፈም። የውሉ አንቀጽ 6 ላይ «ተከራይ በቤቱ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው» ይላል። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው አሳዩኝ። ያ አንቀጽ ግን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጉዳት የሚባለው ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሮ ነውና፣ የቀድሞው ካልተጻፈ ለማነጻጸር ይቸግራል። ሕጉ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም፤ ስለዚህ ትልቅ ማስያዣ ይዤ እከላከላለሁ የሚለው መንገድ ዝግ ነው። ለጀማሪ አከራይ የሚቀረው መከላከያ የርክክብ ወረቀት ነው፤ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ።

የርክክብ ወረቀት ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። የመብራት ቆጣሪው ቁጥርና በካርዱ ላይ የቀረው ሂሳብ፣ የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ የቁልፎቹ ብዛት በየበሩ፣ በየክፍሉ ያለው መስታወት፣ ሶኬት፣ ሩቢኔቶና የበር እጀታ ከነሁኔታው ይጻፋል። «ደህና» የሚል ቃል አይበቃም፤ «የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ግራ ጥግ ስንጥቅ አለው» ይባል። ፎቶው እዚያው ተነስቶ በቴሌግራም ለተከራዩ ይላካል፤ ቀኑ ከሁለቱም ዘንድ ይቀራል። ሁለቱ በየገጹ ይፈርማሉ፣ አንድ ምስክርም ይጨመር።

ከመጻፍ በፊት ግን መሞከር አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የብሬከር ሳጥኑን ክፈቱና በየብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ለባለ 2.5 ሽቦ ከ20 በላይ የተጻፈበት ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ። ምጣድ አምጥታችሁ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት አግሉት። ከዚያ ብሬከሩን አውርዳችሁ የሶኬቱን ፊት በእጅ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ችግር የለም፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ከኋላው የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ።

ውሃው ላይ ደግሞ ለማከራየት ቤት የሚገዙ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚታለሉት በውሃ ፈረቃ ምክንያት ነው። ቤት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ውሃ በሌለበት ቀን ነው፣ በደረቀ ቱቦ ላይ ደግሞ ፍሳሽ አይታይም። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ከጥበቃው ጠይቃችሁ በዚያ ቀን ተመለሱ። ሩቢኔቶዎቹን ሁሉ ዝጉና የቆጣሪውን ትንሿን ተሽከርካሪ ተመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ በኩል ነው። የሻወሩን ወለል ማፍሰሻ በጨርቅ ደፍናችሁ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ውሃ አቁሙበትና በማግስቱ ከታች ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩ። ኮርኒሱ ላይ እርጥበት ከታየ ሴራሚኩ ተነስቶ ከሥሩ እንደገና መሠራት አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት ከታወቀ ይህ ወጪ ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ከገዛችሁ በኋላ ግን የራሳችሁ ነው።

ስለ ሰነዱ ብዙ አልልም፣ ሌሎች በደንብ ያውቁታልና። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ በዕጣ የተገኘ ከሆነም የአምስት ዓመቱ የመሸጥ ክልከላ ማለፉን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። የመጨረሻውን የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የሕንፃው ማኅበር መዋጮም እንዳልተጠራቀመ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ።

ሒሳቡን በተመለከተ ጀማሪ ሰው 12 ወር ይቆጥራል። መምህርቷም እንደዚያ ነበር የቆጠሩት። ኪራዩ በወር 18,000 ብር ነው ብንል በዓመት 216,000 ይመስላል። እኔ የምመክረው 10 ወር፣ ማለትም 180,000 ብቻ መቁጠር ነው። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ፣ ቀለም እስኪቀባ ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር አለ፣ ለጥገና የሚቀመጥ ቢያንስ የአንድ ወር ኪራይ አለ። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያሳውቀው በላይ አይታሰብም።

ያን ቀን ወጥ ቤቱ ውስጥ መምህርቷ ስልካቸውን አውጥተው ቤቱን ወደሸጠላቸው ሰው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሰውየው «እኔ ስኖርበት ደህና ነበር» አለ። መምህርቷ ስልኩን ዘጉ። ለአፍታ ዝም ብለው የተቃጠለውን ሶኬት ከእጄ ወስደው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ልጅቷን «ነይ፣ ባንክ ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ» አሏት። ገንዘቡን ሙሉውን መለሱላት።

መስመሩን በማግስቱ ሠራሁት። ከሳጥኑ እስከ ወጥ ቤቱ 12 ሜትር ነው፤ ለመስመር፣ ለኒውትራልና ለመሬት ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 36 ሜትር ገባበት። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን 25 አምፔር ብሬከር ተገጠመ፤ ከተተካው ተራ ሶኬት አጠገብ ሰማያዊው ባለ 32 አምፔር ሶኬት ከነስፒናው ገባ። የተቃጠለው ባለ 2.5 ሽቦ ተስቦ ወጥቶ በአዲስ ተተካ፣ ብሬከሩም 16 ሆነ፤ እሱ ለማቀዝቀዣውና ለትንንሽ ዕቃ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ ተከራይ ሲገባ መምህርቷ አስጠሩኝ። ምጣዱ ተሰክቷል፣ እሳቸው ሰዓታቸውን ይዘው ግማሽ ሰዓት እየቆጠሩ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ በመምህር እጅ ጽሑፍ ተራ ቁጥር 14 ላይ እንዲህ ይላል፦ «የምጣድ ብሬከር፣ 25 አምፔር፤ ከዚህ በላይ አይቀየርም።» ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት ወደ ሳጥኑ ሄዶ ቁጥሩን ራሱ አነበበው።