ነጭ ወፍ፣ ጥቁር ድንጋይ

ዛሬ ስኮትላንድ፣ ኬርንጎርምስ ተራራ ላይ በረዶው ቦታ ቦታውን ቀልጧል። የቆቅ ዘመድ የሆነው ታርሚጋን ግን ገና ነጭ ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ከሩቅ ይታያል። ላባውን የሚቀይረው በዋናነት የቀኑን ርዝመት ተከትሎ ስለሆነ በረዶው ቀድሞት ሲቀልጥ ለንስር ይጋለጣል። ያሳዝናል!

ኖርዌይ ላላችሁ፦ እዚያ ዊሎው ታርሚጋን የሚባል ሌላ ተመሳሳይ ዝርያም ስላለ በበረዶ ወራት ሁለቱ ይምታታሉ። የኬርንጎርምሱን ዓይነት ወንድ ከመንቆሩ እስከ ዓይኑ በተሰመረው ጥቁር መስመር ለዩት፤ ሴቷ ግን ብዙ ጊዜ መስመሩ የላትም። እግሩ እስከ ጣቶቹ ላባ ለብሷል፤ ብርድ ይከላከልለታል፣ በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጥም ይረዳዋል።

ስታዩት ባላችሁበት ቁሙ፣ ፎቶውንም ከርቀት አንሱ። እባካችሁ አታስበርግጉት፤ በዚያ ብርድ በበረረ ቁጥር ለሌሊቱ የሚያስፈልገውን ጉልበት ይጨርሳል።