መስታወቱ የተዘጋ ፔጆ

ሰኔ 3፣ ማታ

ዛሬ ጋሼ ሳቀብኝ። ክፋት የለውም፤ መቀሱን አስቀምጦ ነው የሳቀው፣ ለሌላ ሰው ሥራ አቋርጦ አይስቅም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። መጋላ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋል። (ድሬ ነውና «አንተ» እለዋለሁ። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሲሰሙ ይደነግጣሉ።) ለፔጆ 404 የሰፋውን አንድ ላይ ቢያነጥፈው ባቡር ጣቢያ ሳይደርስ አይቀርም። የጨርቅ ትምህርት ልማር ስል ከቤተሰቡ ሁሉ ያልገረመው እሱ ብቻ ነበር።

ከአስር ቀን በፊት መምህሬ ለመመረቂያ ሥራዬ ሦስት ጥቅል ክር ሰጠኝ። ከበቆሎ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፣ ፒኤልኤ ይባላል። የበቆሎው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ስኳሩን ባክቴሪያ ያብላላውና ላክቲክ አሲድ ይሆናል። እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። እሱን አያይዘው ረጅም ሰንሰለት ያደርጉታል፣ ያቀልጡትና እንደ ወንፊት በተበሳ ብረት ገፍተው ክር ያወጡታል። ሐር ይመስላል። በሹራብ መርፌ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሠርቼ ሳምንቱን ሙሉ ስዳብሳት ሰነበትኩ። የመኪና ወንበር ከነዳጅ በሚሠራ ፖሊስተር መልበሱን የሚያስቀር ጨርቅ፣ ያውም በእጄ!

ጋሼ ግን ከምን እንደተሠራች እንኳን አልጠየቀኝም። በሁለት ጣቱ ጎተት አደረጋትና፣ «ይቺ ፀሐይ ትችላለች?» አለ።

«እንሞክራታ» አልኩ።

የደንበኛው ፔጆ በር ላይ ቆሟል። ከዚራ ቢሆን የዛፍ ጥላ ይገኝ ነበር፤ እዚህ ግን ፀሐዩ እንደወረደ ነው። ቁራጯን አጥፈን ክሩስኮቱ ላይ አስቀመጥናት፣ የመቀስ መሳያውን ድንጋይ ጫንንባት፣ ቴርሞሜትሬን ከጎኗ አድርገን መስታወቱን ዘጋን። ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ስከፍተው የበሩ እጀታ አቃጠለኝ፣ ቴርሞሜትሩ 74 ዲግሪ ይላል። ቁራጯ ጠባለች። ስትቀዘቅዝ ደግሞ በታጠፈችበት ደርቃ ቀረች፤ ብዘረጋት ተመልሳ ትታጠፋለች። ጋሼ የሳቀው ይሄኔ ነው። «ልጄ፣ ይቺ ወንበር አይደለችም፣ ሳምቡሳ ናት።»

የሚያናድደኝ ነገሩን ማወቄ ነው። ፒኤልኤ የሚቀልጠው በ170 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም መለስለስ የሚጀምረው ከ55 እስከ 60 ባለው ነው። በፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ቁጥሩን ከዚህ ከተማ ጋር አገናኝቼ አስቤው ግን አላውቅም።

ቶዮታ በ2003 እ.ኤ.አ. ራውም በተባለችው መኪና ላይ ይህንኑ ፕላስቲክ ሲጠቀም ለወለል ምንጣፍና ለስኮርታ ጎማ መሸፈኛ ነበር ያደረገው። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱም በቀጥታ ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታዎች መሆናቸው የታየኝ ዛሬ ፔጆው ውስጥ አንገቴን ሳስገባ ነው። ማዝዳ በ2007 የወንበር ልብስ ከዕፅዋት ሠራሁ ሲል የክሩን ሞለኪውላዊ አሠራር እንደገና መንካት ነበረበት። አንድ የታወቀ መንገድ አለ፦ የዚህ ፕላስቲክ ሞለኪውል እንደ ግራና ቀኝ እጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ሲቆላለፉ የመቅለጫው ሙቀት በ50 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። እኔ ያለኝ ክር አንድ እጅ ብቻ ነው።

ለጋሼ ይህን ሳስረዳው ሌላ ነገር ያዘ። «ከእህል ከመጣ፣ ሲጣል ይበሰብሳል?» ይበሰብሳል፤ ግን እርጥበት እና 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የብስባሽ ክምር ይፈልጋል፣ ደጅ ቢጣል ለዓመታት ይቀመጣል። «እንግዲያው እሳቱ እኛ ጋ ሞልቷል፣ ውሃ ጨምሩበት» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ሲቀልድ ነው፣ ግን አልተሳሳተም። ለመኪና የሚሆነው ክር ሙቀቱን ችሎ ብዙ ዓመት የሚኖር ነው፤ እንደዚያ የሚኖር ክር ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም። ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ለገዢ የሚምል ሰው ካጋጠመኝ ከእንግዲህ አላምነውም። እኔ ብመርጥ የሚቆየውን እመርጣለሁ። ጋሼ ወንበር ያለበሰው ሰው ቶሎ ተመልሶ አይመጣም፣ የሚኮራውም በዚያ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ በደቻቱ ዳር አለፍኩ። ጉሎው እንደ ልማዱ ቆሻሻው መሐል ለምልሟል፣ ፍየሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። ከጉሎ ዘይት ናይለን 11 የሚባል ፕላስቲክ ይሠራል፤ ፈረንሳዮች ከ1940ዎቹ ጀምረው ሲሠሩት ኖረዋል፣ መቅለጫው 190 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከመኪና ኮፈን ሥር የነዳጅ ቱቦ ሆኖ ሙቀቱን ይችላል። እርግጥ ቱቦ ክር አይደለም፤ ናይለንም መከላከያ ካልተጨመረበት ፀሐይ ያደክመዋል። ዋጋውም ከፖሊስተር በእጅጉ ይበልጣል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ቆሜ ዛላውን ቆጠርኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ጉሎ ቀጥቅጣ ምጣድ እያሰሰች ነበር።

«ከዚህ ትንሽ ልውሰድ?»

«ምን ሊሆንሽ?»

«ለመኪና ወንበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼ ቀድሞ ደውሎላታል መሰለኝ፣ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የነገው እንጀራ እንዳይጣበቅብኝ፣ ግማሹን ተይልኝ።»