ውክልናው ላይ የነበረው አንድ ስም

ስልኩ የተደወለው ማታ ነው። የጠበቃው ባልደረባዬ ሚስት ነበረች። «ወባ ነው ብለውታል፤ ትኩሳቱ እያቃዠው ነው። ግን አንድ ነገር ይደጋግማል። የዘጌዋ ነገ ነው ይላል። ምን ማለቱ ነው?» አለችኝ።

ወዲያው ገባኝ። በዚያው ሰሞን ስለ አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ አጫውቶኝ ነበር። አንዲት የዘጌ እናት በቡና መሬት ውርስ ተከራክረው ተፈርዶባቸዋል። ይግባኝ ለማለት ሕጉ የሰጣቸው 60 ቀን በማግሥቱ ያበቃል። ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ በጀልባ የሚኬድበት ዘጌ ደግሞ በበሬ አይታረስም፤ ከጥንት የቆየ የገዳማቱ ሥርዓት ነው። ኑሮው ቡና ነው። ለእኚያ እናት የቡናው መሬት ከሄደ ሌላ የሚይዙት ነገር የለም።

ባልደረባዬ ይግባኙን ጽፎ ጨርሶት ነበር። ላፕቶፑ ላይ አገኘነውና አተምነው። ችግሩ ውክልናው ነው። ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። እኔ ፈቃድ ያለኝ ጠበቃ ብሆንም በዚያ መዝገብ ላይ ከመንገደኛ አልለይም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 ላይ፣ ጊዜው ያለፈ ይግባኝ በበቂ ምክንያት ሊፈቀድ ይችላል። ነገር ግን የጠበቃው ወይም የወኪሉ ጉድለት በቂ ምክንያት አይሆንም። ወባ ጉድለት አይደለም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። በሰው መሬት ግን እንዲህ ያለ ዕድል አይሞከርም።

አንድ መንገድ ቀረን። ባለጉዳይዋ ራሳቸው ፈርመው ራሳቸው ካቀረቡ ውክልና አያስፈልግም። ስልካቸው ግን አይሠራም።

ጎህ ሲቀድ ጀልባ በኮንትራት ያዝን። ባለጀልባው ገና ሳንነሳ «ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፤ ቶሎ ነው የምንመለሰው» ብሎ አስጠነቀቀን።

እማማን ደጃቸው ላይ ቡና ሲያሰጡ አገኘናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ቡናውን ማገላበጣቸውን አላቆሙም። «የእኔ ጠበቃ እሱ ነው። አንተ የባላጋራዬ ሰው አለመሆንህን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ዓይቼያቸው አላውቅም፤ ስሜንም ሰምተው አያውቁም። የጥብቅና ፈቃዴን ባሳያቸው ምን ይፈይድላቸዋል? በመጨረሻ ከባልደረባዬ ሚስት ጋር በስልክ አገናኘኋቸው። እሷን ያውቋታል፤ ለቀጠሮ ከተማ ሲገቡ ቤቷ አርፈዋል። ድምጿን ሲሰሙ ነጠላቸውን አነሱ። የፍርዱን ግልባጭም ከሣጥን አወጡ። በፌስታል፣ ከዚያም በላይ በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። አንድ ገጽ እንኳ አልታጠፈም።

ሬጅስትራር ቢሮ የደረስነው ሥራ ሳይዘጋ ነው። አሻራቸውን አሳረፉ፤ የዳኝነቱ ክፍያ ተከፈለ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ቆይቶ ችሎቱ «ያስቀርባል» አለ፤ ይግባኙ ባላጋራውን ጠርቶ መልስ የሚያሰጥ ነው ማለት ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው ስለ መልካም ፍጻሜው አይደለም። ባልደረባዬ ሰው ያጣ ሰው አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቀው ጠበቃ የለም፤ ከችሎት በኋላ አብረን ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ሐሳብ እንለዋወጣለን። ያን ቀን ግን ሁላችንም ተሰብስበን ብንመጣ በእሱ ቦታ መቆም የሚችል አንድም አልነበረም። በሀገራችን ጠበቃ ለረጅም ዘመን ለየብቻው ነው የሠራው። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን የፈቀደው በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ነው። ብቻችንን መሥራት ለምደነዋል፤ ለዚህ ነው አደጋው የማይታየን።

እሱ ከዳነ በኋላ ሦስት ጠበቆች ሆነን ተነጋገርን። አሁን ባለጉዳይ ሲመጣ ከፈቀደ ውክልናው ላይ ከሦስታችን የሁለታችን ስም ይገባል፤ «በጋራም ሆነ በተናጠል» ተብሎ በውልና ማስረጃ ይጸድቃል። ባለጉዳዩ ሁለተኛውን ሰው ያን ዕለት በአካል ያየዋል። እኔ በዚህ አልደራደርም፤ የእማማን ጥያቄ ሌላ ሰው ዳግም እንዲጠይቀኝ አልፈልግም። አዲስ ጉዳይ ከመያዛችን በፊት የተከራካሪዎቹን ስም እንጠያየቃለን። አንዳችን ለባላጋራው የሠራን ከሆነ ያ ሰው ምትክ አይሆንም። የጋራ መዝገባችን ላይ የሚሰፍረው የመዝገብ ቁጥርና የመጨረሻ ቀን ብቻ ነው። የባለጉዳይ ምሥጢር እዚያ አይገባም።

ያ መዝገብ ደብተር ነው፣ የወረቀት። አንዳንዶች ኋላ ቀር ናችሁ ይሉናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን የቴሌግራም ግሩፓችን ጸጥ አለ፤ ደብተሩ ግን ሠራ። ከመካከላችን አንዱ የአዲስ አበባ ድርጅቶችን ውል ከቤቱ ሆኖ በኢሜይል ነበር የሚሠራው። እሱ በጣም ተጎዳ። አዲስ አበባ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛው ስራውን ተረክባ ባትይዝለት ኖሮ ደንበኞቹን ያጣ ነበር። አሁን ከእሷም ጋር በጽሑፍ ተስማምቷል።

ገንዘቡ ትንሽ አጨቃጭቆናል። ለአንድ ቀጠሮ የቆመ ሰው ምን ያህል ያገኛል? አስቀድመን ቆርጠን ጻፍነው። ይሉኝታ ይዞን ብንተወው ኖሮ ነገሩ በቂም ይፈርስ ነበር።

የጎደለን የታክስ ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ብቻዋን ቢሮ የከፈተች አንዲት ወጣት ጠበቃ እንዳለች ሰምተናል። በዚህ ሳምንት ሄደን ልናነጋግራት ተቀጣጥረናል።